ሁለት እርጥብ ስፖንጅ እና የመምሬ ደሴ አንደበት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ሠራተኛው ተሰብስቦ፣ ድፎ ተቆርሶ፣ ማይክ አቀበሉኝና «ሲስተር ማሪቱ፣ በሠላሳ ሁለት ዓመት ሥራ ውስጥ በጣም ያስደነገጠዎት ምንድን ነው?» አሉኝ። «የእብናት ቁንጫ!» ብዬ አዳራሹን በሳቅ ሞላሁትና ተገላገልኩ። ዋሽቼ ነው። እውነቱን ብናገር ኖሮ ድፎው ሳይበላ እዚያው ይቀር ነበር። እኔ ራሴ ዛሬም ሳስበው ክው እላለሁ።

በእርግጥ የእብናት ቁንጫም ቀላል አልነበረም። መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት ነው ጤና ረዳት ሆኜ እዚያ የተመደብኩት። የገሳይ ልጅ ነኝ። ትዳር ገብቼ፣ ትዳሩም ፈርሶ፣ ዘግይቼ ነው የተማርኩት። ስለዚህ በሃያ ስምንት ዓመቴ ገና ጀማሪ ነበርኩ፤ ምላሴ ግን ጀማሪ አልነበረም። አለቃችን አቶ ደርበው ፎርም ካልተሞላ ሰው የሚታመም የማይመስለው ሰው ነበር። አንድ ቀን አንዲት ሴት ከቆላው ወገን በጠፍር ታስራ መጣች። ስድስት ወንድ ይዟታል። አቶ ደርበው በመስኮት አየና «ይኼ በእኛ ፎርም ላይ የለም፤ ጠበል ይውሰዷት» አለ። እኔም «እውነት ነው» አልኩ። ፈርቼ ነበራ!

በአጋጣሚ ያን ቀን ከደብረ ታቦር ለቁጥጥር የመጡ አንድ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነበሩ። ጋሽ ውብሸት ይባላሉ። ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ፣ ሲናገሩም የማይጮኹ ሰው ናቸው። ዘመዶቿን በሙሉ «ውጡ» አሏቸው። «እንዴ ጋሼ፣ ብትገድልዎትስ?» አልኳቸው። «ከገደለችኝ አንቺ ትቀብሪኛለሽ፤ አሁን ግን በሩን ዝጊ» አሉኝ። ከሴትዮዋ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አሉ፤ ከዚያ ጠፍሩን ፈቱላት። ሴትዮዋ የተናገረችው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ውሃ»። ለካ ያቺን ሁሉ መንገድ ታስራ ስትመጣ ውሃ ያቀመሳት አልነበረም። ያን ዕለት አፈርኩ። ይህን ሥራ እማራለሁ ያልኩትም ያን ዕለት ነው።

ተማርኩ። ደብረ ታቦር ሆስፒታል ተመደብኩና ከጋሽ ውብሸት ሥር ብዙ ዓመት ሠራሁ። ስለ ደረጃ እድገትና ስለ ዝውውር ደብዳቤ ብጽፍ የማነበው እኔው ብቻ ነኝ፤ እሱን ልተወው። የጋሽ ውብሸትን አመል ግን ልናገር። ታማሚ ክፍሉ ሲገባ መጀመሪያ በሩን ይዘጋሉ። እናት ትሁን፣ ሚስት ትሁን፣ የቀበሌ ሊቀመንበር ይሁን፣ ውጭ ነው። «የሚናገር አንድ፣ የሚሰማ አንድ» ይላሉ። ዘመድ ይቆጣል፣ ይሰድባል፤ እሳቸው ሰምተው እንዳልሰሙ ናቸው። እኔ «ጋሼ፣ እርስዎ በር ጠባቂ ቢሆኑ ኖሮ ይበለጽጉ ነበር» እያልኩ እቀልድባቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ በሩ ግን አይከፈትም።

ጋሽ ውብሸት ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ሲቀራቸው ነው ማሽኑ የመጣው። አንድ ተመራማሪ ዶክተር ነው ይዞት የመጣው። ማሽን ስላችሁ የወፍጮ ቤት ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ከእጅ ስልክ ወፈር የምትል ሣጥን ናት። ሁለት ሽቦ አላት። የሽቦዎቹ ጫፍ ላይ ላስቲክ አለ፤ ላስቲኩ ስፖንጅ ይለብሳል፣ ስፖንጁ ጨው ባለው ውሃ ይነከራል፤ ከዚያ በመቀነት መሳይ ነገር ከራስ ላይ ይታሰራል። መርፌ የለ፣ ቢላዋ የለ። እጅግ ደካማ ኤሌክትሪክ በራስ ቅል በኩል ሃያ ደቂቃ ይገባል። ታማሚው ጉንዳን የሄደበት ያህል ያሳክከዋል፣ ሌላ የለም። ዶክተሩ እንዳስረዳን፣ ደም ሥር ተዘግቶበት ንግግር የጠፋበትን ሰው ከንግግሩ ክፍል በላይ ታስርለታለህ፤ ኤሌክትሪኩ አንጎሉን ነቃ ያደርገዋል። ማንቃት እንጂ ማስተማር ግን አያውቅም። በዚያች ሃያ ደቂቃ ውስጥ ሥዕል እያሳየህ፣ ስም እያስጠራህ የምታስተምረው አንተ ነህ። እንግዲህ ያስተማርከው ነገር ነው የሚገባው። ይቺን ነገር በደንብ ሰምቻታለሁ። ምን ያደርጋል።

ጋሽ ውብሸት ማሽኑን እንደ ጥጃ ለመዱት። በየጠዋቱ ታማሚ ከመግባቱ በፊት ስፖንጆቹን ራሳቸው ላይ አስረው ለአፍታ ይለኩሱታል። «እኔ ያልቀመስኩትን ለሰው አላቀምስም» ይላሉ። ቦታውን የሚለኩት በልብስ ሰፊ ሜትር ነው፤ ከአፍንጫ ሥር እስከ ማጅራት፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ፣ ሦስት ጊዜ። ሦስቱ ካልገጠሙ አራተኛ። ቅቤ የተቀባች ሴት ከመጣች ኤሌክትሪኩ አያልፍም፤ መብራቷ ቀይ እየሆነች እምቢ ትላለች። ያኔ ጋሽ ውብሸት እጅጌያቸውን ሰብስበው ፀጉሯን በሳሙና ያጥቡላታል። አንዷ «ባሌ እንኳ አጥቦኝ አያውቅ!» ብላ ክፍሉን አሳቀችው።

ወሬው ተነዛ። «ጭንቅላት የሚከፍት መብራት መጣ» ተባለ። አገራችን የቅኔና የአቋቋም አገር አይደል? የቆሎ ተማሪ ትምህርት እንዲገባው አብሾ የሚባል ቅጠል ይጠጣል፤ አንዱን ሊቅ ያደርገዋል፣ አንዱን ያሳብደዋል ይባላል። እና ሰዉ ማሽኑን «የመብራት አብሾ» አለው። ከጋፋት አንድ ገበሬ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚፈተን ልጁን እየጎተተ መጣና «ሲስተር፣ እስቲ ሒሳቡ በኩል ትንሽ ለኮስ አርጊለት» አለኝ። «የልጁ ጭንቅላት ደኅና ነው፤ የጠፋው ደብተሩ ነው» ብዬ መለስኩት። እንዲህ እየሳቅን ነበር የጀመርነው።

ጋሽ ውብሸት ጡረታ ወጡና ባሕር ዳር ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ማሽኑም ክፍሉም በሩም ለእኔ ቀረ። መምሬ ደሴ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚህ በኋላ የምጠራቸውን ስሞች ሁሉ ለውጫለሁ። ቀበሌውን አልናገርም፤ የሞተ ሰው አለ፣ አሟሟቱንም ሌላ አድርጌዋለሁ። ልፈልግ የሚል ሰው ቢኖር ድካሙ ይቅርበት።

መምሬ ደሴ የገጠር ቄስ ናቸው። የስልሳ ያህል አባወራ የነፍስ አባት ናቸው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ኃጢአቱን ለእሳቸው ነው የሚናዘዘው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ወደቁ። ሲነሱ ቀኝ እጃቸው ሞቷል፤ ከንግግራቸው የቀረችው አንዲት ቃል ናት፤ «እግዚኦ»። ውሃ ሲጠማቸው «እግዚኦ»፣ ሲናደዱ «እግዚኦ»፣ ሚስታቸውን ሲጠሩ «እግዚኦ»። ሚስታቸው እትዬ የሺ ከሆስፒታሉ ጀርባ ክፍል ተከራይታ በየቀኑ እየደገፈች ታመጣቸዋለች። «ሲስተር፣ እኔስ የቤቱን እችላለሁ፤ እሳቸው ግን ቅዳሴ ከቀረባቸው መሞታቸው ነው» አለችኝ። መምሬ ይሰማሉ፤ ሁሉ ነገር ይገባቸዋል። እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ። ልቤ ተነካ። እኒህን ሰውዬ ሳላናግር አልቀርም አልኩ።

ለካሁ፣ አሰርኩ፣ ጀመርን። ከማሽኑ ጋር የመጡት የሥዕል ካርዶች ግን ከየት አገር እንደሆኑ እንጃ። ፒያኖ አለ። ከበረዶ የተሠራ፣ አፍንጫው ካሮት የሆነ ሰው አለ። መምሬ በረዶውን ሰው ትክ ብለው አዩትና፣ በጣም አዝነውለት «እግዚኦ» አሉ። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሳቸውም በግማሽ ፊታቸው ሳቁ።

ካርዶቹን ጣልኩና የራሴን ሠራሁ። ሞፈር፣ ቀንበር፣ መቋሚያ፣ ጽናጽል አስሳልኩ። በአምስተኛው ቀን «ቀ… ቀ… ቀንበር» አሉ። እልልታዬ ኮሪደሩን አናወጠው። በስምንተኛው ቀን ስፖንጁን ፈትቼ ሳስወጣቸው፣ በር ላይ የምትጠብቃቸውን ሚስታቸውን አዩና «የሺ» አሉ። እትዬ የሺ መሬት ላይ ተቀመጠች። «እስቲ ይድገሙኝ፣ ይድገሙኝ» እያለች ታለቅስ ጀመር። ደገሙላት። እንዲህ ያለ ቀን በሥራ ዘመኔ ሁለት ጊዜ አላየሁም።

እኔ ግን ሲሳካልኝ አላውቅበትም። ልታይ ልታይ እላለሁ። የስሟ መጠራት የእትዬ የሺን ነፍስ እንዲያ ካስደሰተ፣ መምሬ የሚወዱትን ሰው ሁሉ ለምን አላስጠራቸውም? አልኩ። የጽዋ ማኅበራቸው በበዓል የተነሳው ፎቶ በእትዬ የሺ የእህት ልጅ ስልክ ላይ ነበር። ፎቶ ቤት ወስጄ ፊት ፊቱን አስቆረጥኩና ሃያ አራት ካርድ አወጣሁ። ሃያ አራቱም የነፍስ ልጆቻቸው ናቸው። ዶክተሩ በስልክ ሲሰማ «ግሩም ነው» አለኝ። ግሩም! እውነትም ግሩም።

በዘጠነኛውና በአሥረኛው ቀን ስም እንደ ጉድ ወጣ። ስም ብቻም አይደለም። አንድ ነጋዴ አሳየኋቸው፤ ስሙን ጠሩና «ሚዛን… ሚዛኑን…» አሉ። አንዲት ሴት አሳየኋቸው፤ ስሟን ጠሩና «ይፍቱኝ» አሉ። እኔ ቅጹ ላይ «ተጨማሪ ቃላት መውጣት ጀምረዋል» ብዬ ጻፍኩ፤ ነጥብም ጨመርኩላቸው። በየፆሙ ንስሐ የምገባ፣ «ይፍቱኝ አባቴ» እያልኩ ያደግሁ የገሳይ ክርስቲያን ነኝ እኮ! እንዴት አይገባኝም? ዓይኔ ነጥቡ ላይ ነበር።

አሥራ አንደኛው ቀን የገበያ ቀን ነበር። ታንጉት የምትባል የመንደራቸው ሴት ጥየቃ መጣች። ባሏ ጓንጉል ከአምስት ዓመት በፊት ከገበያ ሲመለስ እግሩ ከድቶት ገደል ገብቶ የሞተ ነው። አንድ ወንድ ልጅ ይዛ ቀርታለች። ዘመድ በር ላይ ነው የሚቆመው፤ የጋሽ ውብሸት ሕግ ነው። እኔ ግን በሩን በርግጄ «ነይ ግቢ ታንጉት፣ የነፍስ አባትሽ ሲናገሩ በጆሮሽ ስሚ!» አልኳት። ገብታ ከኋላዬ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። እትዬ የሺ ውጭ ነበረች።

ካርዶቹን ወደ መምሬ አዙሬ አንድ አንድ እያነሳሁ አሳያለሁ። ስም ይጠራሉ፤ ታንጉት በደስታ ታጨበጭባለች። አንድ ካርድ አነሳሁ። የማን ፎቶ እንደነበረ አልጽፍም። መምሬ አዩት። ስሙን አልጠሩም። ዓይናቸው ራቅ ብሎ ሄደ። ከዚያ ሳይንተባተቡ፣ ቃል ሳይሰብሩ፣ በሌላ ሰው አነጋገር፣ እንደሚያለቅስ ሰው ሆነው «አባቴ ይፍቱኝ። ጓንጉልን ገደል የገፋሁት እኔ ነኝ። ሰክሬ ነበር» አሉ።

እጄ ላይ ያለውን ካርድ አላምን አልኩ። የዚያ ሰው አነጋገር ነው፤ መምሬን ሊጠይቅ ሲመጣ ሰምቼዋለሁ፤ ቁርጥ እሱን! ኑዛዜው ነው። አምስት ዓመት ከመምሬ ሆድ ውስጥ የኖረውን ቃል፣ እኔ ፊቱን አሳይቼ፣ ጭንቅላታቸውን በኤሌክትሪክ አንቅቼ፣ እንደ ጥርስ ነቀልኩት። ማሽኑ ነው? ፎቶው ነው? ሕመሙ ነው? ዛሬም አላውቀውም። ዶክተሩን በኋላ ነገሩን ሸፋፍኜ ስጠይቀው «ማሽኑ ብቻውን እንዲህ አያደርግም» አለኝ። ብቻውን መቼ ነበር? እኔ ነበርኩ እንጂ።

መምሬ ያሉትን ነገር ራሳቸው ሰሙት። ደኅናው እጃቸው ተነስቶ አፋቸውን ያዘ። ዓይናቸው በትከሻዬ አልፎ ታንጉትን አየ። እንዲያ ያለ ዓይን አይቼ አላውቅም። የጨው ውሃው ከስፖንጁ በጆሯቸው ሥር እየወረደ ነበር፤ ማሽኑ ገና ስድስት ደቂቃ ይቀረዋል። ካርዱን ወደ ብብቴ አስገባሁት።

«ምን አሉ?» አለች ታንጉት።

«የሕመም ንግግር ነው። ቃል ይደባለቅባቸዋል» አልኳት።

ታንጉት አልጮኸችም፤ ደረት አልመታችም። ወደ ብብቴ አየች። ከዚያ ወደ መምሬ ሄዳ፣ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመችና ወጣች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላል ያገሬ ሰው። ተከትያት ሮጬ ምን ልበላት?

በማግሥቱ መምሬ መጡ፤ ተቀመጡ። ስፖንጁን ሳነሳ እጄን ያዙት። «መምሬ፣ ካርዶቹን አቃጥያቸዋለሁ። ሞፈርና ቀንበር ብቻ ነው የምናየው። ሰው አናይም» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሁለት ሳምንት ብቻ ቢታገሡኝ ቅዳሴ ይመለሳሉ፤ እኔ ምስክር ነኝ፤ ይመለሳሉ!» አልኩ፤ እያለቀስኩ ነበር። ከዚያ አንድ ቃል፣ እኔ ያላስተማርኳቸውን ቃል፣ ፊደል በፊደል አወጡ፤ «አ…ል…ፈ…ል…ግም»።

ምን እንደሚፈሩ ገባኝ። ስልሳ አባወራ ሆዳቸው ውስጥ አለ። ንግግሩ ሲመለስ የትኛው ቃል የራሳቸው፣ የትኛው የሰው እንደሆነ መለየት አቅቷቸዋል። የሚሻለውን ሳይሆን የሚከብደውን መረጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መምሬ ደሴ «እግዚኦ» ብቻ ሆኑ። ችለው ይሁን ሳይችሉ፣ እሱን እግዜር ያውቃል። እኔ ቅጹ ላይ «ታካሚው በራሱ ፈቃድ አቋርጧል» ብዬ ፈረምኩ።

እትዬ የሺ ግን አልለቀቀችኝም። ኮሪደሩ ላይ ነጠላዬን ያዘችኝ። «ስሜን ጠርተውኝ ነበር» አለችኝ። «በአርባ ዓመት ትዳር እንደዚያ ቀን ጠርተውኝ አያውቁም። ምን ብታደርጊያቸው ነው ዝም ያሉት?» ልነግራት ብል ሌላ ኃጢአት ነው። «እትዬ የሺ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኳት፤ ምኑን እንዳጠፋሁ ግን አልነገርኳትም። እሷም ሳትሰናበተኝ ይዛቸው ሄደች።

ለጋሽ ውብሸት ደወልኩ። ስም ሳልጠራ ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝና «ክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው ነበር?» አሉኝ።

«ታማሚውና እኔ… እና አንድ ሰው።»

«አንድ በዛ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያሉትን ዓመታት እንዴት እንደኖርኩ አትጠይቁኝ። በእኛ አገር ደም አይረሳም። የሟች ወገን ከሰማ ይገድላል፤ የተገደለው ወገን ደግሞ ይመልሳል። በየገበያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍሉ በቃሬዛ የሚመጣ ሰው ባየሁ ቁጥር ሮጬ ፊቱን ነበር የማየው። የፎቶው ሰውዬ አልፎ አልፎ ከተማ ይወጣል። «ሲስተር፣ እንዴት ሰነበትሽ?» ይለኛል፣ ሰላም ያለው ሰው ይመስል። ጠጅ ግን ቀርቶ ጠላ አይቀምስም ይሉታል። እኔ ፀጉሬ ይቆማል፤ ሰላምታውን መልሼ እሄዳለሁ። ታንጉት ደግሞ በየወሩ ለመምሬ ዱቄት ትወስድላቸዋለች ሲሉ እሰማለሁ። ይኼ ነገር ሊገባኝ አልቻለም። ባሏን የገደሉት እሳቸው መስሏት ከሆነ እንዴት? እሳቸው አለመሆናቸውን ካወቀች እንዴት አልመጣችብኝም?

የጥናቱ ጊዜ አለቀ፤ ማሽኑ ግምጃ ቤት ገባ። እኔ ወደ ጭንቀትና ወደ መጥፎ እንቅልፍ ታማሚዎቼ ተመለስኩ። በሩን እዘጋለሁ። ማንም አይገባም። ወጣቶቹ ነርሶች «ሲስተር ቁልፍ» ይሉኝ ነበር አሉ። መምሬ ደሴ አሥራ አንድ ዓመት እንዲያ ኖረው ባለፈው ዓመት አረፉ። ቀብራቸው ላይ አልሄድኩም። ፈራሁ።

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት ነው ታንጉት በሬን ያንኳኳችው። አርጅታለች። ገብታ ተቀመጠች፤ የቀረበላትን አልነካችም።

«ልጄ ይርጋ ሊመጣብሽ ነው» አለችኝ። «ሠርግ ላይ ተጣልቶ አንዱ ሰካራም ‹አባትህን ማን ገደል እንደጨመረው መምሬ ደሴ ያውቁ ነበር፤ ያቺ የማሽን ነርስም ሰምታለች› አለው። ለካ እትዬ የሺ በር ላይ ሆና ቁራጩን ሰምታ፣ ለአንዷ አውርታው ኖሯል። ልጄ ጠመንጃ ገዝቷል ማሪቱ። እኔን ጠየቀኝ፤ ውሸት ነው አልኩት፤ አላመነኝም።»

«መምሬ አይደሉም እኮ» አልኩ፤ ያን ሁሉ ዓመት የቋጠርኩት አመለጠኝ።

«እሱንማ የዚያኑ ዕለት አውቄዋለሁ» አለችኝ። «‹ሰክሬ ነበር› አሉ እኮ። መምሬ በዕድሜያቸው አንድ ብርሌ ቀምሰው አያውቁም። የሰው ኑዛዜ መሆኑ ገብቶኛል።»

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። «እና ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም! ማወቅም አልፈለግኩም!» ብላ ጮኸችብኝ። «ዛሬም እንዳትነግሪኝ! ባውቅ፣ ሰውየው በደጄ ሲያልፍ ልጄ ከዓይኔ ያነበዋል። አሥራ ሁለት ዓመት ደጅሽን ያልረገጥኩት ለዚህ ነው። ባሌን አንዴ ቀበርኩ። ልጄን አልቀብርም።»

«ታዲያ ሲመጣ ምን ልበለው?»

«የሰማሽውን ንገሪው። መምሬ ‹ጓንጉልን የገፋሁት እኔ ነኝ› አሉ በይው። አላሉም? ብለዋል። ውሸት የለበትም። ‹ሰክሬ ነበር› የምትለዋን ግን ተያት። ካርዱንም ተይው።»

«ታንጉት! የእኒያን ሰው ስም? ለማንም ምላሳቸውን ያልለቀቁትን ሰው ነፍሰ ገዳይ ላድርጋቸው?»

አለቀሰች። ያን ዕለት ያላለቀሰችውን ነው ያለቀሰችው። «በቁማቸው የተሸከሙትን ሞተው ይጥሉታል?» አለችኝ። «መምሬ ያን ቀን ቢጠየቁ ምን የሚሉ ይመስልሻል? እኔ ነኝ ይሉ ነበር። የሞተ ሰው ላይ ማን ጥይት ይተኩሳል?» ተነስታ መውጫው ላይ ዞር አለችና «እዚህ መምጣቴን አያውቅም» አለችኝ።

ሦስት ቀን እህል አልወረደልኝም። ታማሚዬ የነበሩ ሰው ናቸው። ድምፃቸውን የነሳኋቸው እኔ፣ አሁን ደግሞ ስማቸውን ልነሳ ነው። በአራተኛው ቀን ይርጋ መጣ። አባቱን አላውቀውም፤ ግንባሩ የእናቱ ነው። ጠመንጃውን በር ላይ አስደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ።

«እትዬ ማሪቱ፣ ለጠብ አልመጣሁም» አለኝ። «መምሬ ደሴ ማሽኑ ላይ ሳሉ ምን አሉ? በሚያምኑት ይንገሩኝ።»

«የሰማሁትን ብቻ ነው የምነግርህ» አልኩት። «‹ጓንጉልን ገደል የገፋሁት እኔ ነኝ› አሉ። እንዲህ ነው ያሉት።»

ይርጋ አንገቱን ደፋ። ወለሉን ነበር የሚያየው። «መምሬ?» አለ። «መምሬ ደሴ? እኔን ክርስትና ያነሱኝ? ጾም ያስያዙኝ?»

«እንዲህ ነው ያሉት» አልኩ እንደገና።

እንባው መጣ፤ በእጁ መዳፍ ጠረገው። «እንግዲያው የምፈልገው ሰው የለም ማለት ነው።»

«የለም።»

ተነሳ። ጠመንጃውን አንስቶ፣ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጎ አነገተው። ከደጃፉ ሳይወጣ ተመለሰና፣ ማንም እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ ማሪቱ፣ በእናትዎ፣ ይህን እናቴ እንዳትሰማ» አለኝ። «መምሬን እንደ አባቷ ነው የምትወዳቸው። ብትሰማ ትሞትብኛለች።»

«አትሰማም» አልኩት።